ከብርቱካን ወደ አረንጓዴ

እኔ ጁዶ አላውቅም፤ የማውቀው ቀለም ነው፣
ሱፍ ምን ያህል ይጠጣል፣ ስንት ሰዓት ይበቃው።
ሠላሳ ሁለት ዓመት በብርድ ልብስ ፋብሪካ
በርሜል ሳማስል ኖርኩ፤ ጡረታ ሲመጣ ለካ
ሰው ይወጣል እንጂ ቀለሙ አይወጣም፤
ጥፍሬ ስር ያለው ሰማያዊ ዛሬም አልነጣም።

አንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ውርጭ ሣሩን እንዳነጣ፣
አሰልጣኝ ደምሰው ነጭ ቀበቶ አንጠልጥሎ መጣ።
«ጋሽ አጥናፌ፣ እባክህ ቢጫ አድርግልኝ» አለ፤
«ልጅቷ ፈተና አልፋለች፤ መግዣ ብር የለ።»
«ምን ሠርታ አለፈች?» አልኩት፣ ውሃ እየጣድኩ።
«መውደቅ ችላ» አለኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።
ስድስት ወር በጎኗ፣ በጀርባዋ፣ ወደ ፊቷ፣
ወድቆ መነሣት ነበር የቢጫ ትምህርቷ።
እኛ ፋብሪካ የወደቀ ደመወዙ ይቆረጣል፤
እነሱ ጋ የወደቀ፣ አወዳደቁ ካማረ፣ ይሾማል።

ትንግርት ትባላለች፣ ጠባሴ ነው ቤቷ፤
አርባ ኪሎ አትሞላ፣ ሲበዛ ነው ኩራቷ።

ቢጫውን ነከርኩት። አንድ ዓመት ሳይሞላ
«ብርቱካን» አለና አስጣደኝ ሌላ።
ቢጫ ላይ ቀይ ጠብ ሲል ብርቱካን ይወጣል፤
እስከዚህ ቀላል ነው፣ ቀለም ይግባባል።
ደምሰው ተራውን ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ ጻፈው፦
ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን፣
አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ ጥቁር።
«ያወጣው ሰው ማቅለም ያውቃል» አልኩ፤
ጨርቅ ወደ ጨለማ ሲሄድ ነው የሚቀለው፣
ወደ ብርሃን ሲመለስ ነው የሚያስቸግረው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ መጣ፤
«አረንጓዴ» ሲለኝ ላብ ከግንባሬ ወጣ።
ከብርቱካን ወደ አረንጓዴ መንገድ የለም፤
ቀይ የገባበት ጨርቅ በሰማያዊ አይለመልም፣
ጭቃ ነው የሚሆነው። ነገርኩት። «ሞክር» አለ።
ሞከርኩ። የበሬሳን ደለል መስሎ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ።
እሷም ታጠቀችው። ምን ታድርግ?

ሰኔ ላይ ፈታኟ ከአዲስ አበባ መጣች፤
በድሮው የሱፍ መጋዘን ልጆቹን በቀለም አሰለፈች።
ፍራሹ ጭድ ነው፣ የኛን ውዳቂ ብርድ ልብስ የለበሰ፤
እኔም በሩ ጥግ ቆምኩ፣ ሆዴ እየተላወሰ።
ትንግርትን አየቻት፤ «ቡኒ» ብላ ወሰደቻት፣
ከሸዋ ሮቢት ከመጣች ቡኒ ፊት አቆመቻት።
ደምሰው አፉን ሲከፍት ልጅቷ ቀደመችው፣
ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ እንዲህ ነው ያለችው፦
«አረንጓዴ ነኝ እኔ፤ ቀለሙ ነው የቀደመኝ።»
የልጅ አፍ አይደለም፤ የኔው ጥፋት ነው የተሰማኝ።
ፈታኟ ጨርቁን ዳሰሰች፣ ሣቋን ዋጠች፤
«ልመልስሽ ወይስ ትገጥሚያታለሽ?» አለች።
«መውደቅ እችላለሁ» አለች ትንግርት።

«ሐጂሜ!»
ገና እጅጌ ሳትይዝ እግሯ ከመሬት ተለየ፤
ክንዷ ፍራሹን ሲመታ የቆርቆሮው ጣሪያ ጮኸ።
ተነሣች። ደግሞ ወደቀች። ደግሞ።
በአራተኛው ቡኒዋ ቆመች፣ ቀበቶዋን ልታጠብቅ፣
ቀና ብላም አየቻት፣ እንደሚከበር ሰው፣ ሳትስቅ።
ሌላ የሆነ የለም። ከተማው ውስጥ ግን
«ጣለቻት» ይላሉ። ሐሰት ነው፤ እኔ ነበርኩ።

ሻይ ላይ ፈታኟን ጠየቅኩ፦ «ጥቁር ነው አይደል ማለቂያው?»
«አንደኛ ዳን ይባላል» አለች፤ «መቁጠር የሚጀመረው
ያኔ ነው።» ዝም አልኩ።
በጥቁር ላይ የሚነከር እኔ አንድም ቀለም አላውቅም።

ማታ ልጅቷን ጠራሁና «ስጪኝ» አልኳት፣ «ላንጣው፣
በበረኪና ዘፍዝፌ ከነጭ እንደገና ላምጣው።»
ጨርቁን ወደ ወገቧ ሳበች፦ «ተወው፣ ጋሽዬ፤
ቡኒ ስደርስ ይሆነኛል።» አቤት ጉድ! አልኩ በሆዴ።
አረንጓዴ ክር ፈልጌ ጫፉን ብቻ ሰፋሁላት፣
ሰው እንዳይሳሳትባት።
ሰማያዊው ሲደርስ ደግሞ፣ ቀለም ከገበያ ቢጠፋ፣
ጥፍሬን ፍቄ እሰጣታለሁ።